ቺፍ አረፉ፤ የባሕር ኃይሉን ሞተረኛ የምታውቁ ሁሉ እዚህ ጻፉ

የሐይቁ ዳር (ሲያትል)

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከባድ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። በዚህ መድረክ ሁላችንም «ቺፍ» እያልን የምንጠራቸው አባታችን ባለፈው እሑድ ሌሊት ደብረ ዘይት ቤታቸው ውስጥ አርፈዋል። ያረዳችኝ ልጃቸው ናት። ቀብራቸው ሰኞ ተፈጽሟል፤ ድንኳኑ ግን ገና አልተነሣም። ነፍስ ይማር።

ለአዳዲስ አባላት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቺፍ በ1958 ዓ.ም ምጽዋ ላይ ባሕረኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከታች ተነሥተው እስከ ቺፍ ፔቲ ኦፊሰር (የባሕር ኃይል ከፍተኛ የበታች ሹም) ማዕረግ ደረሱ። አብዛኛውን የአገልግሎት ዘመናቸውን ያሳለፉት «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ መድረክ ላይ ደግሞ ስለ ባሕር ኃይል አንዲት ነገር አዛብቶ ጽፎ ከእሳቸው እርማት ያመለጠ ሰው የለም። «መርከብን ጀልባ አትበላት» የምትለዋ መልእክት ያልደረሰችው ካለ እጁን ያውጣ።

የእኔና የእሳቸው ወዳጅነት የጀመረው በዚችው መርከብ ነው። ሲያትል እንደምኖር ባወቁ ጊዜ በግል መልእክት ጻፉልኝ፤ «ልጄ፣ መርከባችን የተወለደችው አንተ አጠገብ ነው» አሉኝ። ዓመታት ስኖር አልሰማሁም ነበር። በእርግጥም መርከቧ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌክ ዋሽንግተን ዳር በነበረ የመርከብ ማምረቻ ተሠርታ፣ «ኦርካ» በሚል ስም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለች ናት። ሥራዋ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ለባሕር አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተሰጠች፣ ስሟም ተለወጠ።

ቦታውን አይቼ ፎቶ እንድልክላቸው ለመኑኝ። ሄድኩ። ዛሬ ከርክላንድ በምትባለው ከተማ ሆቴልና የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ሆኗል፤ ሰዎች ውሻ ይዘው ይንሸራሸሩበታል። ፎቶውን ልኬላቸው ሳበቃ «እንዴት ያምራል» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «ሐይቅ ውስጥ የተሠራች መርከብ በየት በኩል ባሕር ወጣች?» የሚል ጥያቄ መጣ። እንደገና ሄጄ ሐይቁን ከባሕር የሚያገናኘውን ቦይ አየሁላቸው። መርከብ ወደ አንድ ክፍል ይገባና በር ይዘጋበታል፣ ውኃው ዝቅ ይላል፣ በሌላው በር ወደ ባሕሩ ይወጣል። ይህን ስጽፍላቸው የበሮቹን ስፋት ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ስለ ፓምፕና ስለ በር ብቻ ተጻጻፍን።

በስልክ ያነጋገርኳቸው ጥቂት ጊዜ ነው። ይጮኹ ነበር። ጆሯቸውን ሞተሩ ወስዶት ነበርና እኔም የማልሰማ ይመስላቸው ነበር።

የምታውቁትን ጻፉ። ልጃቸው እዚህ የሚጻፈውን ለእናቷ እንደምታነብላቸው ነግራኛለች፤ ስለዚህ እባካችሁ ቤተ ሰብ እንደሚሰማችሁ አድርጋችሁ ጻፉ።

የአዋሽ ልጅ (አዳማ)

ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ቤተ ሰቡን ያጽናና። ደብረ ዘይት ቅርቤ ስለሆነች ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ በግል ይጻፍልኝ፣ መኪናው ቦታ አለው።

ሐጂ ኑር (ጅዳ)

አላህ ለቤተ ሰቡ ሶብሩን ይስጣቸው። እኔና እሳቸው በየረመዷኑ ሳይሳሳቱ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር። የጨረቃዋን መታየት ከእኔ ቀድመው የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። «ባሕረኛ ጨረቃን ካላወቀ ምኑን ባሕረኛ ሆነ» ይሉኝ ነበር።

ወፍጮ ቤት (ወልቂጤ)

እኔ በሕይወቴ መርከብ አይቼ አላውቅም፤ ያለኝ ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ሊስተር ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት። አንድ የገበያ ቀን እየሠራ ሳለ አቅም አጣ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች ተሰልፈዋል፣ የአካባቢው መካኒክ ደግሞ ከተማ የለም። ይህ መድረክ ላይ ሞተር የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» የሚል።

ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ነጭ ከሆነ ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ነው ወይም ውኃ ገብቶበታል። ነጭ ነው አልኳቸው። «ጠዋት ሲነሣ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀም በኋላ?» ከሞቀም በኋላ። «የማቀዝቀዣውን ውኃ ተመልከት፣ ጎድሏል?» ጎድሏል። «እንግዲያው ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን ማለቴ ነው፣ ፍታው፤ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው፣ ተበልቷል። ስትፈታ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድራቸው፤ ስትመልስ ደግሞ ከመሐል ጀምረህ ወደ ዳር እያልክ በመስቀለኛ አጥብቅ፤ ባንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አትጠምዝዝ» አሉኝ። ማታውን አብረውኝ አመሹ። በማግስቱ ሞተሩ ተነሣ።

ገንዘብ ልላክ ብላቸው ተቆጡኝ። «የሞተሩን ድምፅ ቅዳና ላክልኝ» አሉ። ላክሁላቸው። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ወሩ ድምፁን ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ሽማግሌው ይናፍቃቸዋል ብዬ ነበር የምልከው፤ ለካ እያዳመጡ ይመረምሩት ኖሯል፤ አንድ ጊዜ «ሦስት ሳምንት አይቆይም፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ቀይር» ብለው ጻፉልኝ፣ እውነት ነበር።

ናኩራ (ሚኒያፖሊስ)

እኔ አብሬው የሠራሁ ነኝ። ማዕረጉ ከእኔ በላይ ስለነበር ያኔ «ቺፍ» እለው ነበር፣ ስናረጅ ግን ወንድማማች ሆነናል፤ አንተ እያልኩ ብጽፍ ልጆቹ አይቀየሙኝም።

ስለ ሞተር ክፍሉ ልንገራችሁ፤ ያልወረደበት ሰው አይገባውምና። ምጽዋ በሰኔና በሐምሌ ላዩም እሳት ነው። ታች ስትወርድ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው። ጨው የምንውጠው በክኒን ነበር። የዲዝል ሞተሮቹ ሲጮኹ በምልክት ቋንቋ ነው የምንነጋገረው፤ እስከ ዛሬ ባለቤቴ ስትጠራኝ በእጄ እመልስላታለሁ። ሁላችንም የደጋ ልጆች ነበርን፤ ከምጽዋ በፊት ባሕር ያየ ከመካከላችን አልነበረም፣ ዓሣ ደግሞ የሚበላው በጣት የሚቆጠር ነው። ቺፍ የሽሮ ማሰሮውን በጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ያስቀምጥና በፈረቃው ማብቂያ ትኩስ ሆኖ ይጠብቀን ነበር። መኮንኖቹ ሽታውን ያውቁታል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቁም።

ጥሩ ጊዜ ነበረን። በባሕር ኃይል ቀን በጃንሆይ ጊዜ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ላይ መልሕቃቸውን ጥለው ያድሩ ነበር። በዚያ ዘመን ይህን የሚያይ ወደብ ስንት ነው? ቺፍ ከሶቪየት ሞተረኞች ጋር ቋንቋ ሳይኖራቸው በእጅ ምልክት ሲከራከር አይቼዋለሁ። ሲለያዩ አንደኛው የመፍቻ ስጦታ ሰጠው።

ከዚያ ኅዳር 14 ቀን 1967 መጣ። ምክትል አዛዣችን የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ ከስድሳዎቹ ጋር ተረሸኑ። በመርከቡ ላይ ማንም ምንም አላለም፤ እኛ የምናውቀው ሥራ መሥራት ብቻ ነበር። በ1969 ዓ.ም አሜሪካና ደርግ ሲጣሉ መለዋወጫ ቀረ። የሶቪየት መርከቦችና የሚሳይል ጀልባዎች መጡ፣ (ቺፍ ቢኖር «እነዚያ እውነትም ጀልባ ናቸው» ይላል)፣ ወጣቶቹ ለትምህርት ወደ ባኩ ተላኩ። ዳህላክ ውስጥ በናኩራ ደሴት ሩሲያውያኑ የራሳቸውን ጣቢያ ከፈቱ፤ የእኔም ስም ከዚያ ነው። ቺፍ ግን አሮጊቷን አልተውም አለ። የተሰበረውን ዕቃ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ራሱ እየቀረጸ አሠራት። ከአሜሪካ መለዋወጫ ሳይመጣላት ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ባሕር የምትወጣ መርከብ እንዴት ተቻለች ብትሉኝ መልሱ አንድ ሰውና አንድ ቶርኖ ነው። ሌሎችም ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስለ እሱ ነው።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትወድቅ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በጀልባ ወደ ዳህላክ ከወጡት አንዱ ነኝ። ስለዚያ ሦስት ቀን አልጽፍም።

አሰብ ላይ ተገናኘን። ግንቦት 1983፣ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ። ሻዕቢያዎች አሥመራ ገብተዋል፣ ወደ አሰብም እየመጡ ነው። መርከቦቹ የጫኑትን ጭነው ወደ የመን ሊወጡ ነው። ወታደሩ፣ ሚስት፣ ሕፃን፣ ፍየል ሳይቀር መርከቡ ላይ ወጥቷል። ቺፍ ታች ነው። የመን ቅርብ ናት፤ ነገር ግን ባሕሩን ስንሻገር፣ የአገራችን ዳርቻ ከዓይናችን ሲጠፋ፣ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ አላየም። ከሞተሩ ተለይቶ አልወጣም። የመን ደርሰን ሞተሩ ሲጠፋ ወጣና «ደረስን?» አለኝ። ደረስን አልኩት። የዘይቱን ጠብታ ከእጁ ላይ በጨርቅ እየጠረገ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። እዚያ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አሥራ አራት መርከቦች የመን ደረሱ። የእኛዋ ቆማ ዛገች፣ በ1993 እ.ኤ.አ ለብረታ ብረት ተሸጠች። ይህን ሰምቼ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለብዙ ጊዜ አላናገረኝም።

አድማስ (አዲስ አበባ)

ከቺፍ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን ልትመልስ ነው በተባለ ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ሲፈረም፣ እኔ በደስታ ጻፍኩ። የቀድሞ ባሕረኛ ከእኔ በላይ ይደሰታል ብዬ ነበር። የጻፉልኝ ግን ይህን ነው፦ «መርከብ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተረኛ አሠልጥኑ። ሞተረኛ ለማሠልጠን አሥር ዓመት፣ መርከብ ለመግዛት አንድ ፊርማ ነው የሚፈጀው።»

ከዚያ ስለ ወደቡ ጉዳይ ክርክሩ ሲጦፍ እኔም ጦፍኩ። እሳቸው አልተቆጡም። «ጦርነት እንጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ አንድ ወር ሞተር ክፍል ይሥራ፤ እዚያ መስኮት የለም፣ ከላይ ማን ምን እንደወሰነ የምታውቀው መርከቡ ሲንቀጠቀጥ ነው» አሉኝ። እስከ አሁን በሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ለባሕር በር የሚሟገት ሰው ሁሉ ጦርነት ፈላጊ ነው ማለት አይደለም፣ ይህን ነግሬአቸዋለሁ። ነገር ግን ለእኔ በጻፉት መልስ ልክ ጊዜ ወስዶ የመለሰልኝ ሰው በዚህ መድረክ የለም።

[ይህ መልእክት በአወያዩ ተነሥቷል]

አወያይ

ይህ ለቅሶ ቤት ነው። አሰብ የማን ነው የሚለው ክርክር የራሱ ክር አለው፣ ሠላሳ ስምንት ገጽ ደርሷል፣ እዚያ ይቀጥል። እዚህ የሚጻፍ ስድብ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሣል።

የምጽዋ ልጅ (ስቶክሆልም)

አወያዩ ያነሣውን መልእክት ከመነሣቱ በፊት አንብቤዋለሁ። የጻፈው ሰው እኔን ነው ያነሣው፤ «ጠላት በለቅሶ ቤት ምን ትሠራለች» ብሎ። ስለዚህ ልናገር።

ምጽዋ ተወልጄ፣ ጥዋለት ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ ነጭ የለበሱ ባሕረኞች ከአብደልቃድር ጣቢያቸው ወጥተው በድልድዩ ሲያልፉ እናያቸው ነበር። ከነሱ አንዱ ቺፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሎሚናት ሲገዙ አይቻቸው ይሆናል። በ1982 ከተማችን እጅ ከለወጠች በኋላ ደግሞ ከሰማይ ቦምብ ወረደብን። አጎቴን ያጣሁት ያኔ ነው። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ጉልላት እንደተመታ ነው ያለው፤ የባንክ ዲታልያ ሕንፃም እንደዚያው። የሄደ ሰው ዛሬም ያየዋል።

ወደዚህ መድረክ መጀመሪያ የመጣሁት ለጠብ ነው። ቺፍ ስለ ባሕር ኃይል ቀን የጻፉትን ሰው አሳየኝና «የእናንተ በዓል ላይ እንጂ የእኛ ቀብር ላይ አልነበራችሁም» ብዬ ጻፍኩላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ማን እንደጀመረው ይነግረኝ ነበር። እሳቸው የአጎቴን ስም ጠየቁኝ። ከዚያ የጻፉት «ለነፍሱ አንድ ሻማ ደብረ ዘይት ይበራል፤ በየዓመቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ንገሪኝ» የሚል ብቻ ነበር። ነገርኳቸው።

በሐምሌ 2010 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የስልክ መስመሩ ሲከፈት ከአክስቴ ጋር እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ። አክስቴ ምጽዋ ናት። በትግርኛ ከዐረብኛ ጋር እየቀላቀሉ ሲነጋገሩ ከስቶክሆልም ሆኜ ሰማሁ። ሁለቱም ይጮኻሉ። የጠየቋት ስለ ፖለቲካ አልነበረም፤ በጥዋለት መግቢያ ያለው የሻይ ቤቱ ሰውዬ ልጆች የት እንደደረሱ ነበር። ዕዳ ነበረባቸው አሉ፤ የሁለት ሻይና የአንድ ሲጋራ። አክስቴ ልጁን ፈልጋ ከፈለችላቸው።

አክስቴ ትናንት ስነግራት አልቅሳለች። መልካም ዕረፍት ይሁንልዎ፣ ቺፍ።

የቺፍ ልጅ (ደብረ ዘይት)

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የአዳማው ወንድማችን ከሦስት ሰዎች ጋር መጥቶ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ከየት የመጡ ዘመዶች ናቸው ብለው ጠየቁን፣ እናቴም «የኮምፒውተሩ ዘመዶች ናቸው» አለች።

እውነቱን ለመናገር እኛ ምን ያህል ሰው እንዳለው አናውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት በአንድ ጣቱ ሲጽፍ ሰምተን «አባዬ፣ ተኛ» እንለዋለን፤ «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ጨዋታ የሚጫወት ይመስለን ነበር። ከየመን ሲመለስ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ «ይሄ አባትሽ ነው» ሲሉኝ ተደብቄአለሁ። ጋራዥ ተቀጥሮ ነው ያሳደገን። የጡረታውን ነገር አንድ መሥሪያ ቤት ሲያመላልሰው ኖሮ፣ ኋላ ላይ ፋይሉን ዘግቶ ትቶታል። ስለ መርከብ እቤት ውስጥ አያወራም። እናቴ ስለ ባሕሩ ብዙ መጥፎ ነገር ስለምታስታውስ ይመስለኛል። ናኩራ የጻፉትን ሳነብላት የሽሮዋ ማሰሮ ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሥዕለ ማርያሟ አጠገብ የተለጠፈ የሐይቅ ፎቶ አለ። ጀልባዎችና ሆቴል የሚመስል ሕንፃ ይታያል። ቄሱ ሳይቀሩ ጠይቀውት «የትውልድ ቦታ ነው» ብሎ መለሰ፣ የእሱ ትውልድ ግን መንዝ ነው። አሁን ክሩን ሳነብ ገባኝ። የሐይቁ ዳር፣ ፎቶውን አንተ ነህ የላክኸው?

ሌላው ደግሞ ደብተሮቹ ናቸው። በካርቶን ሙሉ ደብተር ትቶ ሄዷል። የሞተር ሥዕሎች፣ የሰዎች ስም ዝርዝር፣ የየቀኑ የነዳጅ መጠን፣ አንዳንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ ጥቂት ገጽ በሩሲያኛ ፊደል። ወንድሜ ወደ መዝገብ ቤት እንስጠው ይላል። እኔ መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ይይልን እላለሁ። ምን እናድርግ?

የሐይቁ ዳር (ሲያትል)

እኔ ነኝ የላክሁት፣ እኅቴ። ዛሬ ሥራ ገብቼ መሥራት አልቻልኩም።

ናኩራ (ሚኒያፖሊስ)

ልጄ፣ ደብተሮቹን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ፣ መጀመሪያ ፎቶ ይነሡ። የሰዎቹ ስም ዝርዝር ያልሽው ምናልባት የመጨረሻው ጉዞ ላይ የነበርን የሞተር ክፍል ሰዎች ዝርዝር ነው፤ የመን ስንደርስ እየጠየቀ ሲጽፍ አይቻለሁ። በሕይወት ያለን ጥቂት ነን፤ ልጆቻቸው ግን አሉ፣ አባቶቻቸው የት እንደነበሩ የማያውቁ። ሩሲያኛውን እኔ አነባለሁ።

ወፍጮ ቤት (ወልቂጤ)

የሞተር ሥዕሎቹን እኔም ማየት እፈልጋለሁ። ለዐርባው እመጣለሁ፤ ጤፉ ከእኔ ነው፣ ተፈጭቶ ይመጣል፤ እናታችን ስለ እሱ እንዳያስቡ።

አድማስ (አዲስ አበባ)

ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ። የምሠራበት ቦታ ጥሩ ስካነር ስላለ ተበድሬ አመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የእሳቸውን አጻጻፍ ማንም እንዳያርም። የነዳጁን ቁጥር ጭምር፣ ትክክል ባይመስለንም፣ እንዳለ ይግባ።

የቺፍ ልጅ (ደብረ ዘይት)

ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነን። ዘይት የነካቸው ገጾች ተጣብቀዋል፤ በጉልበት ልንገነጥላቸው ፈርተናል። እንዴት እንደሚላቀቁ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን።

የምጽዋ ልጅ (ስቶክሆልም)

የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ አሮጌ ወረቀት የሚያድሱ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ነገ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ አትንኳቸው፤ ፀሐይ ላይም፣ እሳት አጠገብም አታድርጓቸው፤ ደረቅ ቦታ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።